መልስ፦ የወንድሜ ሕመም ወደ እኔና ወደ ልጆቼ ይተላለፋል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ውድ እህቴ፣ ወንድምዎ ስኪዞፍሬኒያ (አስተሳሰብንና ስሜትን የሚያዛባ የአእምሮ ሕመም) እንዳለበትና እዚህ ጎንደር ለጋብቻዎ የተላኩት ሽማግሌዎች «በዘራቸው አለ» በሚል እንዳመነቱ ጽፈዋል። ጭንቀትዎ ይገባኛል።

ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ ያለው መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የሚወረሰው ሕመሙ ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው። በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ በዕድሜ ዘመን ከ100 ሰዎች 1 ገደማ የሚታመም ሲሆን፣ ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰው ስጋት ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፤ ይህም ማለት እንደ እርስዎ ካሉ 10 ሰዎች 9ኙ አይታመሙም። ለሚወልዷቸው ልጆች ደግሞ የታመመው አጎታቸው ብቻ ስለሆነ ስጋቱ ወደ 4 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን የመንትዮች ነገር ነው፦ ዘረ መላቸው አንድ ዓይነት ከሆኑ መንትዮች አንዱ ቢታመም እንኳ፣ ሌላው የሚታመምበት ዕድል ከግማሽ አይበልጥም።

«የስኪዞፍሬኒያ ዘረ መል» የሚባል አንድ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረ መል ስፍራዎችን የለየ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በየራሳቸው የሚጨምሩት ስጋት እጅግ ጥቂት ነው። ከ22ኛው ክሮሞዞም (ዘረ መሎችን ከሚሸከሙት የሕዋስ ክፍሎች አንዱ) ቁራሽ ሲጎድል ስጋቱ በእጅጉ ይጨምራል፤ ይህ ግን ብርቅ ነው።

ካናቢስ (ሐሺሽ) ስጋቱን ስለሚያባብስ ፈጽሞ ይራቁ። ወንድምዎም ጠበል ቢጠመቅ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሽማግሌዎቹን ይዘው የአእምሮ ሐኪሙን ቢያነጋግሩ፣ ይህንኑ ከባለሙያው አንደበት ይሰሙታል።