አርሚ ገብቼ ሜዲክ ብሆን ነርስነቴ ይቆጠርልኛል?

ጠያቂያችን የ23 ዓመት ወጣት ናት። ደሴ በደረጃ 4 ነርስነት ተመርቃ ከቤተሰቧ ጋር በዲቪ አሜሪካ ገብታለች። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች፤ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። አንድ የአሜሪካ አርሚ (የምድር ጦር) ሪክሩተር፣ ማለትም ወታደር መልማይ፣ «ሜዲክ ትሆኛለሽ፤ ነርስነትሽም አይባክንም» ብሏታል። እናቷ ደግሞ «ደሴ ላይ ያየነው ጦርነት አልበቃ አለሽ?» ብለው አኩርፈዋል። ማንን ልስማ ትላለች።

እህቴ፣ ሪክሩተሩ የነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ሳታውቂ ግን እንዳትፈርሚ።

ወረቀቱን እናስቀድም። የሥራው መለያ 68 ዊስኪ ይባላል፤ የአርሚው የውጊያ ሜዲክ፣ ማለትም ሜዳ ላይ ቁስለኛ የሚያክም ወታደር ማለት ነው። ግሪን ካርድ ስላለሽ መመዝገብ ትችያለሽ። አዝቫብ የሚባል ፈተና አለ፤ ከውጤቱ ክፍሎች ለዚህ ሥራ ጂቲ በሚባለው 107፣ ኤስቲ በሚባለው ደግሞ 101 ነጥብ ይጠየቃል። ጂቲው እንግሊዝኛና ሒሳብ ነው፤ ከአሁኑ አጥኚ። ካለፍሽ 10 ሳምንት መሠረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና ትወስጃለሽ። ከዚያ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ፎርት ሳም ሂውስተን 16 ሳምንት ትማሪያለሽ። መጀመሪያ የኢኤምቲ (የአምቡላንስ ድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ትምህርት ነው፤ ብሔራዊውን ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ቀጥሎ የሜዳው ሕክምና ይመጣል።

የደረጃ 4 ዲፕሎማሽ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ከሌላው ሠልጣኝ እኩል ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ከሠራዊቱ ስትወጪም በእጅሽ የሚኖረው የኢኤምቲ ሰርተፊኬት እንጂ የነርስ ፈቃድ አይደለም። ሰርተፊኬቱም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። የምትፈልጊው ነርስ መሆን ብቻ ከሆነ አርሚው አቋራጭ መንገድ አይደለም። ትምህርትሽን አስገምግመሽ፣ የጎደለውን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሞልተሽ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና መፈተን ይሻልሻል።

አሁን ወደ ሥራው። እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ፤ ሪክሩተሩ የሚያሳይሽ ቪዲዮ ውስጥ ይህ የለምና።

አንቺ የተማርሽው መጀመሪያ የአየር መንገድ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ከዚያ የደም ዝውውር እያለ ነው። ሜዳ ላይ ደም ይቀድማል። ትልቁ የጭን ደም ሥር የተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ሞት አንድ በአንድ ተመርምሮ ነበር። ሕክምና ተቋም ሳይደርሱ ከሞቱትና ሊድኑ ይችሉ ከነበሩት ውስጥ 90 በመቶ ያህሉን የገደለው ደም መፍሰስ ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ተኩስ ባለበት ሜዲኳ ሮጣ ቁስለኛው ላይ አትደፋም። መጀመሪያ ከለላ ይያዛል፤ ተኩሱ ይመለሳል። ቁስለኛው ከቻለ ቱርኒኬቱን፣ ማለትም ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ የሚጠብቀውን ማሰሪያ፣ ለራሱ ያስራል። ሌላው ሕክምና በሙሉ ከጥይት ዞር ካሉ በኋላ ነው። ይህ ጭካኔ ይመስላል። ግን ሜዲኳ ከወደቀች ከኋላዋ ያሉትን ሁሉ የሚያክም የለም።

ቱርኒኬት ማሰር ቀላል ይመስላል። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ጉልበት ወይም ክርን ላይ አይሆንም። ማሰሪያው መጀመሪያ በደንብ ይጎተታል፤ ከዚያ ዘንጉ ደሙ ቀጥ እስኪል ይጠመዘዛል። በጣም ያማል። ቁስለኛው «ፍቺልኝ» ብሎ ይለምናል፤ የጀማሪ እጅ የሚላላውም ያኔ ነው። የላላ ቱርኒኬት ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይዘጋል፤ ከልብ የሚመጣው ግን መፍሰሱን ይቀጥላል። ደሙ ካልቆመ ሁለተኛ ይታከላል። የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። ብሽሽትና ብብት ላይ ቱርኒኬት አይሠራም። እዚያ ደም የሚያረጋው ጎዝ በጣት እስከ ቁስሉ ጥግ ይጠቀጠቃል፤ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ በሙሉ ክብደት ተጭኖ ይያዛል።

ከዚያ የአየር መንገድ፣ ደረት፣ ደም መተካት እያለ ይቀጥላል። ቁስለኛውን ማሞቅም አይረሳም፤ በረሃ ውስጥም ቢሆን በብርድ ልብስ ይጠቀለላል። ደም የፈሰሰው ሰው ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ደም ደግሞ በደንብ አይረጋም።

የሪክሩተሩ እውነት የሆነው ግማሽ እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ጌትስ ቁስለኛ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሕክምና ተቋም እንዲደርስ አዘው ነበር። ሄሊኮፕተሩ ቶሎ ስለሚመጣ የሜዲኳ ሥራ ደቂቃዎች ነበሩ። የዩክሬን ጦርነት ይህንን ቀይሮታል። ድሮን ከላይ ሲዞር ማንም መንቀሳቀስ አይችልም፤ ቁስለኛ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ባለበት ይቆያል። ቱርኒኬት ከ2 ሰዓት በላይ እየቆየ ሲሄድ እግሩን ራሱን ያሰጋዋል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ቁስሉ ታይቶ፣ ከተቻለ በፋሻ መተካት አለበት። ቁስለኛው ይገላበጣል። ሽንቱ ይለካል። የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል፤ ቁስሉ ይጸዳል፤ ሁሉም በሰዓቱ ይመዘገባል። ይህ እኮ የአንቺ ሙያ ነው! ሌሊቱን ሙሉ አንድ በሽተኛ አጠገብ ተቀምጦ ለውጡን ማየት የነርስ ዓይን ይፈልጋል። አርሚው ዛሬ ሜዲኮቹን ይህንኑ እያስተማረ ነው። ዲፕሎማሽን አይቆጥሩልሽም፤ እጅሽን ግን ይፈልጉታል።

የእናትሽን ነገር አቅልዬ አላየውም። በ2014 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደሴ የሆነውን ያዩ እናት ቢፈሩ ያላዋቂ ፍርሃት አይደለም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። እ.ኤ.አ. በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት ማን ቀድሞ እንደሚታከም የሚወስነው የጉዳቱ አጣዳፊነት ብቻ ነው። የባሰበት የጠላት ወታደር ከሆነ ከራስሽ ጓድ በፊት እሱን ታክሚያለሽ። ያየሽውን አይተሽ ይህንን ማድረግ ትችያለሽ? ለእኔ አትመልሺልኝ። እናትሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ አውሪው። ከደመወዙም ከዜግነቱም በላይ ይህ ጥያቄ ስለ ሥራው ብዙ ይነግርሻል።

ምክሬ እንዲህ ነው። ሪክሩተሩን አሁን «ቆይ» በይው። ስቶፕ ዘ ብሊድ የሚባል ደም የማቆም ሥልጠና አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለማንም ሰው ይሰጣል፤ ብዙ ቦታ በነጻ ነው፤ የሰዓታት ጉዳይ ነው። እጅሽ ያንን ጎዝ ሲጠቀጥቅ ምን እንደሚሰማሽ ታውቂያለሽ። ከወደድሽው በሚቀጥለው ሴሚስተር ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) የኢኤምቲ ኮርስ ውሰጂ። ቨርጂኒያ ውስጥ የበጎ ፈቃድ አምቡላንስ ቡድኖች ብዙ ናቸው፤ እነሱ ጋር ጥቂት ወራት ሥሪ። ከዚያ በኋላም አርሚውን ከፈለግሽ፣ ምን እንደምትፈልጊ አውቀሽ ትገቢያለሽ። ሥልጠናውም አይከብድሽም።

ለመፈረም ስትቀርቢ 68 ዊስኪ የሚለው ውሉ ላይ ተጽፎ እይ። በቃል የተነገረሽ ምንም ዋጋ የለውም። ጠቅላላ ግዴታው፣ የተጠባባቂነቱን ጊዜ ጨምሮ፣ 8 ዓመት መሆኑንም እወቂ። 36 ወር በሙሉ ጊዜ ካገለገልሽ የጂአይ ቢል (የወታደሮች የትምህርት ድጋፍ) ሙሉ ጥቅም ታገኛለሽ፤ እስከ 36 ወር ትምህርት ይከፍላል። የነርሲንግ ዲግሪሽን የምታገኚው በዚህ ነው። ወታደር ዜግነት ሲያመለክት አይከፍልም፤ ለእሱ ብለሽ ግን አትፈርሚ። አንቺ በግሪን ካርድሽም ጊዜው ሲደርስ ታገኚዋለሽ።

ዛሬውኑ የሚጀመር አንድ ሥራ አለ። ደሴ የተማርሽበት ኮሌጅ ትራንስክሪፕትሽን በታሸገ ፖስታ እንዲልክልሽ አሁን አመልክቺ። በየትኛውም መንገድ ብትሄጂ ይጠየቃል፤ ከአገር ቤት እስኪመጣ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። እዚያ ዘመድ ካለሽ ወክለሽው በአካል ሄዶ ይከታተልልሽ።