ቁስሉ ሳይሽር መልቀቂያ አታስገቡ

ውድ ልጆቼ፣

የአውስትራሊያ ፉቲ ተጫዋቹ ክርስቲያን ፔትራካ የሜልበርን ክለብን ማሊያ አውልቆ ወደ ጎልድ ኮስት ክለብ ከሄደ ወዲህ፣ በዚህ ከተማ ስለ እሱ አስተያየት የሌለው ሰው አላጋጠመኝም። «ከሃዲ ነው» የሚል አለ። «ብቃቱ ወርዷል፣ ጊዜው ሳያልፍ ለወጡት» የሚልም አለ። በሆስፒታላችን ሻይ ክፍል ሁለት ሐኪሞች በዚሁ ጉዳይ ሲኳረፉ አይቻለሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በድንገተኛ ክፍል ነርስነት ነውና የኳስ ተንታኝ ነኝ አልልም። የዚህ ልጅ ታሪክ ግን እናንተ ሁልጊዜ የምትጠይቁኝን ነገር ስለሚነካ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ፦ «እትዬ፣ እዚህ መሥሪያ ቤት ልቆይ ወይስ ልውጣ?»

ከአውስትራሊያ ውጭ ላላችሁ ትንሽ ላስረዳ። እዚህ ፉቲ የሚሉት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር ከስሙ በቀር ብዙም አይገናኝም። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው፤ በየቡድኑ 18 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱን በእግር መምታትም፣ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ቡጢ መትቶ ማቀበልም ይቻላል። ግጭቱ የጉድ ነው። ዝውውሩም እንደ አርሰናልና እንደ ማንቸስተር በገንዘብ አይደለም፤ ክለቦቹ ተጫዋችን በተጫዋች፣ አለዚያም በየዓመቱ ከሚወጡት አዳዲስ ልጆች ቀድሞ የመምረጥ መብትን ይለዋወጣሉ። ኮንትራት ያለውን ተጫዋች ያለ ፈቃዱ መለወጥ አይቻልም። እሱም ክለቡ እሺ ካላለው አይሄድም።

ሜልበርን ፔትራካን የመረጠው በ2014 መጨረሻ፣ ከአገሪቱ ወጣቶች ሁሉ ሁለተኛ አድርጎ ነው። ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና 2015ን ሙሉ ተቀመጠ። መጫወት የጀመረው በ2016 ነው። በ2021 ክለቡ ከ1964 ጀምሮ ሲናፍቀው የኖረውን ዋንጫ አገኘ፤ በኮቪድ ምክንያት ፍጻሜው የተካሄደው ፐርዝ ነበር። ተጋጣሚያቸው ዌስተርን ቡልዶግስ ነው፣ የፉትስክሬይ ቡድን፤ እንጀራችንንም በርበሬያችንንም የምንገዛበት የዚያው ሰፈር። በሦስተኛው ሩብ ቡልዶግስ በ19 ነጥብ ይመሩ ነበር (በፉቲ አንድ ጎል ስድስት ነጥብ ነው)። ከዚያ በኋላ ከተቆጠሩት 17 ጎሎች 16ቱን ሜልበርን አስገብቶ በ74 ነጥብ ልዩነት ጨረሰ። ፔትራካ 39 ጊዜ ኳስ አቀብሎ፣ 2 ጎል አግብቶ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የሚወስደውን የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ አጠለቀ። ያን ማታ በሰፈራችን እራት የጣመው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ልጁን የሚለካው በዚያ ማታ ነው። ኮንትራቱ እስከ 2029 የሚዘልቅ ስለነበር መለኪያውም አብሮት ሊኖር ሆነ።

ከዚያ ጁን 10፣ 2024 መጣ። የንጉሡ የልደት በዓል ሰኞ ነው፤ ሜልበርንና ኮሊንግዉድ በኤምሲጂ ስታዲየም ተገናኝተዋል። የኮሊንግዉዱ አምበል ዳርሲ ሙር በአየር ላይ ሲመጣ ጉልበቱ የፔትራካን ጎን አገኘው። ልጁ ወጥቶ በሐኪም ታየ፤ ተመልሶም ገባ። ኋላ ሆስፒታል ሲደርስ አራት የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው፣ ሳንባው ተበስቶ፣ ጣፊያው ተቀዶ ተገኘ።

«እንዴት ተመልሶ ገባ?» ብሎ ያልጠየቀ የለም። እኔ አልገረመኝም። ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የተሸሸገች፣ ደም የሞላባት ናት። ስትቀደድ ደሙ ወደ ሆድ ዕቃ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ሕመሙ የአጥንት ሕመም ይመስላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ግራ ትከሻ ላይ ይሰማል። ሰውየው ወጣትና ጠንካራ ሲሆን ደግሞ ልቡ እየፈጠነ፣ የደም ሥሮቹ እየጠበቡ የደም ግፊቱን ይዘው ያቆዩታል። መለኪያውን ስታዩት ደህና ነው። ልጁ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ስልኬን አቀብሉኝ ይላል። ከዚያ በአንድ አፍታ ይወድቃል። የሚጮኸው በሽተኛ ብዙም አያስፈራንም። የሚያስፈራን እጁ የቀዘቀዘው፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ያለው፣ የልብ ምቱ 120 የገባውና «ምንም አልሆንኩም» የሚለው ጎረምሳ ነው።

ከእናንተ ውስጥ እንደዚህ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሁለት ሥራ ትሠራላችሁ፣ ለቤተሰብ ትልካላችሁ፣ ማታ ትማራላችሁ። አለቃችሁ ሰው ፊት ሲያዋርዳችሁ ፈገግ ብላችሁ ታልፋላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን በትንሽ ነገር ተነስታችሁ ትወጣላችሁ፣ ሰዉም «ምን ነካው?» ይላል።

ወደ ልጁ ልመለስ። የ2024 ቀሪ ወቅት በዚያው አለቀበት። ወሬው የተነሳውም ያኔ ነው፤ በክለቡ ቅር መሰኘቱ፣ ለመልቀቅ ማሰቡ ጋዜጣና ሬዲዮውን ሞላው። ክለቡ «ኮንትራት አለው፣ የትም አይሄድም» አለ። መጨረሻ ላይ ፔትራካ እቆያለሁ ብሎ አስታወቀ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠረበት፤ ለእኔ ግን ከ39ኙ ኳሶች ይልቅ ብልህነቱ የታየው እዚህ ላይ ነው። ወዶ ቆየ ወይስ ተገዶ፣ የሱና የክለቡ ነገር ነው። በዚያ ወር ቢሄድ ኖሮ ግን ይዞ የሚሄደው ቂሙንና ገና ያልተፈተነ ጎኑን ነበር። አዲስ ከተማ፣ የማያውቀው አሠልጣኝ፣ በዚያ ላይ «ዳግመኛ ብትመታ ትነሳለህ?» የሚል እሱ ራሱ መልሱን የማያውቀው ጥያቄ።

አንዲት ወጣት ነርስ ትዝ ትለኛለች፤ የእኛው አገር ልጅ ናት። በማታ ፈረቃ የአንድ በሽተኛ ቤተሰብ ያልሆነ ስድብ ሰደቧት። ጠዋት ላይ ደግሞ ኃላፊዋ የሷን ወገን ሳትሰማ ማስጠንቀቂያ ጻፈችባት። ዕቃ ክፍል ገብታ፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር፣ በስልኳ የመልቀቂያ ኢሜይል ጽፋ ስትጨርስ ደረስኩ። እንባዋ ስክሪኑ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። አነበብኩት፤ ሦስት ገጽ የሚሆን ነው፣ እውነቱም ከሷ ጋር ነው። «አትሰርዢው፤ ግን ዛሬ አትላኪው» አልኳት። መጀመሪያ ቅሬታዋን በማኅበሯ በኩል በጽሑፍ አቀረበች፤ ማስጠንቀቂያው ተነሳላት። የጽኑ ሕሙማን ኮርሷንም ጨረሰች። ከወራት በኋላ በአራት መስመር ደብዳቤ ለቃ የተሻለ ቦታ ገባች። ያቺው ኃላፊ ናት የድጋፍ ቃል የሰጠችላት። በዚያ ጠዋት ኢሜይሉ ሄዶ ቢሆን፣ ከነማስጠንቀቂያው ሥራ ፈላጊ ትሆን ነበር።

አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። በንዴት የተገባበት አዲስ ሥራም እንዲሁ ነው። ሰው የሄደበትን ትቶ ከምን እንደሸሸ ብቻ ሲያስብ፣ አዲሱን ቤት አጥርቶ ሳያይ ይገባል፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ያንኑ አለቃ በሌላ ስም ያገኘዋል።

ነገር ግን አደራ፣ ይህን ምክር ለማይሆን ቦታ እንዳትወስዱት። ደሞዝ የሚከለክል፣ ፓስፖርት የሚይዝ፣ እጁን የሚያነሳ አሠሪ ጋር ያላችሁ ቁስል እስኪሽር አትጠብቁ። ከዚያ በቶሎ ነው የሚወጣው፤ ኩርፊያና በደል ለየቅል ናቸው።

በ2025 ፔትራካ ተመለሰ። ሜልበርን ወቅቱን የጀመረው አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ነበር። ልጁ ግን እየተመታ ይነሳል፤ በዚያው ዓመት ለክለቡ 200ኛ ጨዋታውን አለፈ። የ2021ዱ ማታ ፔትራካ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አልነበረም። ጥሩ ተጫዋች ነበር፣ አንዳንድ ሳምንት በጣም ጥሩ። ቴሌቪዥን ላይ የሚተነትኑት ግን እያንዳንዷን ደካማ ቀኑን ከዚያች ማታ ጋር እያስተያዩ «አቋሙ ወርዷል» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለው ሚዛን ይገርመኛል። ከአንድ ዓመት በፊት ጣፊያው የተቀደደ ሰው፣ ሰው በሙሉ ኃይሉ ወደ ጎኑ ሲመጣበት ዓይኑን ሳይጨፍን ኳሱን ከያዘ፣ እሱ ራሱ አቋም አይደለም? ቁጥር ያንን አይመዘግብም። እናንተም ከወሊድ፣ ከሐዘን፣ ከሕመም በኋላ ወደ ሥራ ስትመለሱ በቀድሞ ምርጥ ዓመታችሁ አትለኩ፤ አለቃችሁ ቢለካችሁ እንኳ።

ኦገስት ላይ ዋንጫውን ያመጣው አሠልጣኝ ሳይመን ጉድዊን ተሰናበተ። ኦክቶበር ላይ ፔትራካ ልሂድ አለ፤ ክለቡም በዚህ ጊዜ ተስማማ፤ ጎልድ ኮስት ለዚህ ብሎ አዳዲስ ልጆችን በመጀመሪያ ዙር የመምረጥ መብቶቹን ሰጠ። ሰውየውም ጥያቄውም ከዓመት በፊት የነበሩት ናቸው፤ አሁን ግን ሰውነቱ ተፈትኗል፣ የሚሄድበትንም ቤት ያውቀዋል። ጎልድ ኮስት በ2025 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በወቅቱ መጨረሻ ለሚደረገው የዋንጫ ማጣሪያ ዙር የደረሰ፣ ሪችመንድን ሦስት ጊዜ ለዋንጫ ባበቃው በዴሚየን ሃርድዊክ የሚሠለጥን ቡድን ነው። ዕድሜው 30 ሊሞላ ለተቃረበ ሰው መጥፎ ምርጫ አይመስለኝም። ሜልበርንም ቢሆን ባዶ እጁን አልቀረም፤ እንደገና የሚገነባ ክለብ ወጣቶችን ይፈልጋል። በ2024 ቢለያዩ ኖሮ ሁለቱም ከዚህ ያነሰ ያገኙ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁሉም ሰው ግን ይህን የመሰለ አንድ ዓመት አይሰጠውም። በ2014 ሜልበርን ፔትራካን ሁለተኛ አድርጎ ሲመርጥ ሦስተኛ የመረጠው አንገስ ብሬይሾ የሚባል ልጅ ነበር። ሁለቱ አብረው ገቡ፣ አብረው ዋንጫ አነሱ። በሴፕቴምበር 2023፣ አሁንም ከኮሊንግዉድ ጋር፣ ብሬይሾ ጭንቅላቱን ተመቶ ራሱን ሳተ። ከዚያ በፊትም ደጋግሞ ተመትቷል። በፌብሩዋሪ 2024፣ በ28 ዓመቱ፣ በሐኪሞች ምክር ጨዋታ አቆመ። ልቆይ ወይስ ልሂድ የሚለው ጥያቄ ለሱ አልቀረበለትም። ስለዚህ ቁጠባ ያዙ፣ ትምህርታችሁን ጨርሱ፣ የምስክር ወረቀታችሁን አሳድሱ። ለመጠበቅ አቅም ያለው ሰው ብቻ ነው ረጋ ብሎ የሚወስነው፤ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ያለው ሰው ከአለቃው ጋር ሲነጋገር ድምፁ እንኳ ሌላ ነው።

«ከሄድኩ ይጠሉኛል» ለምትሉ ደግሞ የጋሪ አብሌትን ነገር ላንሳላችሁ፤ የልጁን ማለቴ ነው፣ አባትየውም በዚያው ስም የሚጠራ ዝነኛ ተጫዋች ነበር። በ2010 መጨረሻ ሁለት ዋንጫ ያነሳበትን ጂሎንግን ለቆ ወደ ጎልድ ኮስት ሄደ፤ ያኔ ክለቡ ገና አዲስ ነበር። በማግስቱ ዓመት ጂሎንግ ያለ እሱ ዋንጫ በላ። ብዙ ሰው ሳቀበት። እሱ በ2013 የወቅቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የብራውንሎው ሜዳሊያ ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ ጂሎንግ ተመልሶ ተቀበለው። የመጨረሻ ጨዋታው የ2020 ፍጻሜ ነበር፤ ትከሻው ተሰብሮ እንኳ በጂሎንግ ማሊያ ተጫወተ። ተሸነፉ እንጂ፣ ሲሄድ በሩን ረግጦ ወጥቶ ቢሆን ያ በር ባልተከፈተለት።

እንግዲህ ደብዳቤውን ለመጻፍ የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ አጭር ይሁን። የምትለቁበትን ቀን፣ በኮንትራታችሁ ያለውን የቅድሚያ ማስታወቂያ ጊዜ እንደምታከብሩ፣ ሥራውን ለማን እንደምታስረክቡና አንድ መስመር ምስጋና ጻፉ። ቅሬታችሁን እዚያ ውስጥ አታስገቡ፤ ለቅሬታ የራሱ ቅጽና የራሱ ቢሮ አለው፣ ከመልቀቂያው በፊት እዚያ አድርሱት። ቪዛችሁ በአሠሪያችሁ የቆመ ከሆነ ደግሞ ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሰዓት አክብራችሁ ግቡ። በእኛ ክፍል የሚለቅ ሰው በመጨረሻው ፈረቃው እንኳ በሽተኞቹን በየአልጋው እየዞረ፣ መድኃኒታቸውን እየጠራ ለተተኪው ያስረክባል፤ ቁልፉን የሚመልሰው ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬያችሁ፣
ከሜልበርን