መልስ፦ ኬታሚን «የፈረስ ማደንዘዣ» ነው ወይ?
እህቴ፣ የልጅሽን የተሰበረ እጅ በኬታሚን አደንዝዘው ሊያስተካክሉለት ነው ሲሉሽ መፍራትሽ አይገርምም። ለፈረስም ይሰጣል፣ እውነት ነው። ግን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሰው ፈቅዳዋለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። እንደሌሎቹ ማደንዘዣዎች ትንፋሽንና የደም ግፊትን ብዙም ስለማያወርድ የማደንዘዣ ማሽን የሌላቸው ብዙ ሆስፒታሎች የሚተማመኑት በእሱ ነው።

ዓይኑ ተገልጦ ወዲያ ወዲህ ሲል ብታዪ አትደንግጪ፣ አያመውም። ሲነቃ ሊቃዥ ወይም ሊያስመልሰው ይችላል፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አጠገቡ ሁኚ። ከሂደቱ በፊት ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ አይብላ፤ «ትንሽ ወተት ምን አላት» እንዳትዪ! ጉንፋን ወይም ሳል ካለው አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እኔን የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ሳይሆን፣ የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቱ ላይ ሳይሰኩ፣ የሚከታተለው ባለሙያ አጠገቡ ሳይኖር ወግተው የሚሄዱት ናቸው።