የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የኤል ቻፖ ችሎትና ስልኮቹ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ስለ አደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪዎች የሚሠሩ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልሞችን እከታተላለሁ። የኤል ቻፖ ችሎት ላይ ሲደርሱ ግን የሚያሳዩን በእጅ የተሳለ ሥዕል ነው። ካሜራ ለምን አልገባም?

መልስ፦ በአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ችሎት ፎቶ ማንሳትም ሆነ ሂደቱን ማሰራጨት ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥነ ሥርዓት ደንቡ ክልክል ነው። ኤል ቻፖ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው የሜክሲኮው ሲናሎዋ የዕፅ ቡድን መሪ ሆአኪን ጉዝማን የተዳኘው ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን በሚገኘው ፌዴራል ፍርድ ቤት ስለሆነ ለፊልም ሠሪዎቹ የተረፋቸው የሠዓሊዎች ሥራ፣ የችሎቱ ቃለ ጉባኤ እና በማስረጃነት የቀረበው ድምፅና ፎቶ ነው። ጉዝማን ዳኛው ፊት ቆሞ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ተዋናይ ነው። የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ካሜራ የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እንዲያ ይጠነቀቅ የነበረ ሰው ድምፁ እንዴት ሊቀዳ ቻለ?

መልስ፦ በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱን መለየት ይገባል።

የመጀመሪያው የ2008 ነው። የቺካጎው ዕፅ አከፋፋይ ፔድሮ ፍሎሬስ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር መተባበር ጀምሮ ነበርና በኖቬምበር ከጉዝማን ጋር በስልክ ሲያወራ ቀዳው። ፍሎሬስ የሄሮይኑ ዋጋ ከኪሎ 55 ሺህ ዶላር ወደ 50 ሺህ እንዲወርድለት ይለምናል፤ ጉዝማን እሺ ይላል። ዛቻ የለ፣ ጩኸት የለ፤ የዕለት ገበያ ነው። ክብደቱም እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው፣ ዋጋውና ስምምነቱ በተከሳሹ በራሱ አንደበት ተነገረ።

ሁለተኛው ይበልጥ ይደንቃል። ክሪስቲያን ሮድሪጌዝ የተባለ ኮሎምቢያዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ለጉዝማን በኢንተርኔት የሚሠራ፣ የተመሰጠረ የስልክ መረብ ዘርግቶለት ነበር። ምስጠራ ከውጭ የሚያዳምጥን ሰው ያግዳል፤ ቁልፉን የያዘውን ግን አያግድም። በ2011 ኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ) ሮድሪጌዝን ከጎኑ ሲያሰልፈው ሰርቨሮቹ ወደ ኔዘርላንድስ ተዛወሩ፤ ቁልፎቹን አስረከበ፤ ንግግሮቹም በዚያው አገር ባለሥልጣናት ትብብር ተገኙ። ጉዝማን በዚህ ላይ በሚስቱና በውሽሞቹ ስልኮች ላይ የስለላ ሶፍትዌር አስጭኖ ነበር። ሊሰልላቸው ያጠራቀመው የጽሑፍ መልእክት፣ እሱ ራሱ የጻፈላቸው ጭምር፣ ለጁሪው፣ ማለትም ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ለሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ተነበበ።

ቅጂ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። ለዚህም ድምፁ ጉዝማን በሽሽት ላይ ሳለ በሰጠው የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ውስጥ ካለው ድምፅ ጋር ተነጻጽሯል። ፊልሙን ስታዩ ድምፁ ዋናው ቅጂ ይሁን ተዋናይ ያነበበው ልብ በሉ፤ ዋናው በስፓኒሽ ነው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ደም የነካቸው ምስክሮች ቅጣት ተቀነሰላቸው። ይህ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ ለሟች ቤተሰብ መራራ ነው፤ እኛንም ይከብደናል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ቅጣት በታች ለመውረድ በአብዛኛው ዐቃቤ ሕግ «ይህ ሰው ብዙ ረድቶናል» ብሎ ማመልከት አለበት፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የዳኛው ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቅጣቱ የሚወሰነው ከምስክርነቱ በኋላ ነው። የጉዝማን ሸሪክ ልጅ የሆነው ቪሴንቴ ዛምባዳ በጃንዋሪ 2019 መሰከረ፤ በሜይ 15 ዓመት ተፈረደበት። ምስክሩ ከመንግሥት ጋር ያደረገው የትብብር ስምምነት ከጁሪው አይደበቅም፤ ጠበቆች በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጥጡበታል።

ከ56ቱ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች እንዲህ ከመንግሥት ጋር የተባበሩት 14 ነበሩ። ተከላካዮቹ «ውሸታሞች ናቸው» ብለው ተሟገቱ፤ ራሳቸው ያቀረቡት ግን አንድ ምስክር፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነበር። ጁሪው ስድስት ቀን መክሮ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019 ጉዝማንን በ10ሩም ክሶች ጥፋተኛ አለው። በጁላይ ዕድሜ ልክና 30 ዓመት ተፈረደበት፤ 12.6 ቢሊዮን ዶላር እንዲወረስም ታዘዘ።

ራሳችሁ ማንበብ ከፈለጋችሁ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የኢንተርኔት መዝገብ፣ በፔሰር (PACER)፣ ቁጥር 09-ሲአር-466ን (09-cr-466) ፈልጉ። ገጹ 10 ሳንቲም ነው። ለአንድ ሰነድ ጣሪያው 3 ዶላር ቢሆንም ቃለ ጉባኤ በዚህ ጣሪያ ስለማይታቀፍ፣ ከማውረዳችሁ በፊት የገጹን ብዛት እዩ።