ከሪፖርቱ የኋላ ገጾች ጀምሩ

ውድ ወጣት መሐንዲሶች፣

ዕድሜውን በመንገድ ሥራ የጨረሰ ሰው ምክር ስጥ ሲባል ስለ ራሱ ድልድዮች ማውራት ይቀናዋል። እኔ ግን የማነሣላችሁ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሳነብበው ስለከረምኩት፣ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረው የሕንድ የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ ነው።

መምሪያው በሕንድ ጠቅላይ ገዢ በሎርድ ዳልሁዚ ዘመን፣ በ1854 እ.ኤ.አ. ተደራጀ፤ ታላቁ የጋንጅስ የመስኖ ቦይ የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው። በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት አዳዲስ ሥራዎች ከፊት፣ ጥገና ደግሞ ከኋላ ይሰፍራል። እናንተ ከኋላው ጀምሩ፤ የመሥሪያ ቤቱ እውነተኛ ዓመት ያለው እዚያ ነውና። ዝናቡ በመስከረም ግድም ሲያባራ የተሸረሸረው ይጠገናል፣ በበጋው ድንጋይ እየተፈለጠ በመንገድ ዳር ይከመራል፣ ክምሩ ተለክቶ ከተከፈለበት በኋላ ውሃ በሚገኝበት በክረምቱ ይነጠፋል፣ ይደመደማል። ከ1867 ጀምሮ ሒሳብ የሚዘጋው ግን መጋቢት ማለቂያ ላይ፣ በሥራው ወቅት እኩሌታ ስለነበር፣ ያልተከፈለው ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሁሉም ይሯሯጣል። የሰኔ 30ን ግርግር ለምታውቁት ለእናንተ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም፤ የእኛ በጀት የሚዘጋው ጭቃው ከጀመረ በኋላ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከሁሉም ይበልጥ የወደድኩላቸው የልኬት መዝገባቸውን ነው። ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ አይቀደዱም፤ ልኬቱ ከሥራው ቦታ ሳይነሡ በቀለም ይጻፋል፤ የተሳሳተ አኃዝ አይፋቅም፣ በመስመር ተሰርዞ በአጠገቡ ይፈረምበታል እንጂ። እኔ በሥራዬ መጀመሪያ ላይ የአንድ ተቋራጭን የጠጠር ክምር ርዝመትና ቁመት ብቻ ለክቼ፣ ልኬቱንም ቢሮ ገብቼ በእርሳስ ጽፌ፣ ክፍያ አጽድቄ ነበር። ጠጠሩ ሲነሣ ከሥሩ ጉልበት የሚደርስ የአፈር ጉብታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ክምር በዶማ ሳላስቆፍር ፈርሜ አላውቅም፤ እናንተም ተቋራጩ ቢያኮርፍም አስቆፍሩ።

ይህን ስላችሁ ግን መምሪያውን እያወደስኩት አይደለም። ከ1847 ጀምሮ እዚያው ሕንድ ውስጥ፣ በሩርኪ ከተማ፣ የምህንድስና ትምህርት ቤት እያለ፣ ለከፍተኛው ማዕረግ የሚታጩትን በእንግሊዝ አገር ለማሠልጠን ኩፐርስ ሂል ላይ ሌላ ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚህ የሚከፋው የ1876–78 ረኃብ ታሪክ ነው። ያን ጊዜ የተራበው ሕዝብ ዕርዳታ የሚያገኘው መንገድ በመደልደል፣ ቦይ በመቆፈርና ድንጋይ በመፍለጥ ነበር፤ በ1877 መጀመሪያ የሕንድ መንግሥት የረኃብ ጉዳይ ልዑክ ሰር ሪቻርድ ቴምፕል በደቡብ ሕንድ በማድራስ ግዛት ለአንድ ወንድ የወሰኑት የቀን ድርጎ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ እህልና አንድ አና (የሩፒ አንድ አሥራ ስድስተኛ) ብቻ ነው። ሙሉ ቀን መዶሻ ሲያነሣ ለሚውል ሰው! የግዛቱ የጤና ኮሚሽነር ዶክተር ኮርኒሽ ይህ ምጣኔ ሰውነት ያከሳል ብለው በጽሑፍ ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመትም ድርጎው ተሻሻለ። የዚያ ዘመን የሥራ ሪፖርት እጃችሁ ከገባ፣ የተፈለጠውን ድንጋይ ልክ ከማየታችሁ በፊት የኮርኒሽን ተቃውሞ ፈልጋችሁ አንብቡ።