ልጁን ከማስወጣትሽ በፊት ሜዳው ድረስ ሂጂ

እህቴ፣ የ11 ዓመት ልጅሽ በሰፈር የእግር ኳስ ፕሮጀክት እንደሚሰለጥን፣ ኳስ ሲያበላሹ አሰልጣኙ በጥፊ እንደሚመታቸው፣ ልጁም «እንዳትናገሪው» ብሎ እንደለመነሽ ጽፈሽ «ላስወጣው ወይ?» ብለሻል። ሳነበው የራሴ ልጅ ትዝ አለኝ።

የኔም ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። አንድ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ከጉልበቱ ሎሚ በታች አብጦ አየሁ። ነካ ሳደርገው ጥርሱን ነከሰ። ለካ ሳምንታት አልፎታል! ለምን አልነገርከኝም ስለው «ታስቀሪኛለሽ ብዬ» አለኝ። አሰልጣኙ እያነከሰ ሲያየው «አትሞላቀቅ» ብሎ ተጨማሪ ዙር አስሩጦታል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ በሚያድግ ልጅ ጅማቱ ከአጥንቱ የሚያያዝበት ቦታ ገና አልጠነከረም። ሩጫና ዝላይ ሲበዛበት ይቆጣል። መድኃኒቱ በዋናነት ጫናውን መቀነስ ነበር።

ያንን «ታስቀሪኛለሽ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጆቻችን ዝም የሚሉት ኳሷን እንዳንነጥቃቸው ነው። ስለዚህ በሱ ጥፋት እንዳይመስለው፣ ወዲያው አታስወጪው። መጀመሪያ ሄደሽ እዪ። እኔ ከሁለት እናቶች ጋር ሆኜ ሦስት ቀን ሜዳው ዳር ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጆቹ በሌሉበት፣ አሰልጣኙን ልጆቹን ስለመምታቱ በአክብሮት አነጋገርነው። «እኛም ተመትተን ነው ያደግነው» አለን። ሕገ መንግሥቱ እኮ በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ አካልን የሚጎዳ ቅጣት ከልክሏል። ክፍል ውስጥ ያልተፈቀደ ጥፊ ሜዳ ላይ የሚፈቀድበት ምክንያት አይታየኝም። ይህንኑ ነገርነው። ጩኸቱን ጨርሶ አልተወም፤ ዱላው ግን ቆመ። ሦስት መሆናችን ጠቀመን፤ ብቻዬን ብሄድ ልጄን ተቀያሪ አድርጎት ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ተነጋግራችሁም መምታቱን ካላቆመ ግን ሌላ ቡድን ፈልጊለት።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ ያዢ። ልጁን ለብቻው እየጠራ የሚነካካው፣ ማታ የሚደውልለት፣ ስጦታ ሰጥቶ «ለእናትህ አትንገር» የሚል ሰው ካለ ሽምግልናም ንግግርም የለም። በዚያው ቀን አስወጪውና ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ የሴቶችና ሕፃናት ክፍልን ጠይቂ። ልጁንም «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በዪው። ደጋግመሽ በዪው።

የኔ ልጅ አሁንም ይጫወታል። ሲያመው ራሱ መጥቶ ይነግረኛል፤ ያን ቀን ያርፋል። አንቺም የፊታችን ቅዳሜ ልምምድ ካላቸው ሄደሽ ተቀመጪ፤ ያየሽውን እዚሁ ጻፊልን፣ አብረን እናስብበታለን።