ፋየርዎሉ ሲታደስ ኢንተርኔቱ ለምን ተንቀራፈፈ?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። የምንጠቀመው 100 ሜጋቢት በሰከንድ የሆነ የፋይበር መስመር ሲሆን፣ በመግቢያው ላይ በተራ ኮምፒውተር ላይ የጫንነው ፒኤፍሴንስ የተባለ ፋየርዎል (ከኢንተርኔት የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራ ሶፍትዌር) አለ። ሶፍትዌሩን ወደ አዲሱ ቨርዥን ካሳደግሁት ወዲህ ፍጥነቱ ከ10 ሜጋቢት አያልፍም፤ የናሙና ፎቶና የውል ሰነድ አዲስ አበባ ላሉ ባልደረቦቻችን ለመላክ ረጅም ሰዓት እንጠብቃለን። የሚገርመው ፒንግ ሳደርግ (ትንሽ የሙከራ መልእክት ልኬ መልሱን ስጠብቅ) መልሱ ሳይዘገይ ይመጣል። ኃላፊዎቼ «ፋየርዎሉ ይነሳና በቀጥታ እንገናኝ» እያሉኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ኃላፊዎችዎን በትሕትና፣ ነገር ግን በጽናት ያስረዷቸው። የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተሮችና የጋራ ፋይሎች ያሉበት ኔትወርክ ለፍጥነት ሲባል ያለ አጣሪ ከኢንተርኔት ጋር ሊገናኝ አይገባም። ያው ፋየርዎል ከማሻሻያው በፊት ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሲሠራ ስለነበር፣ የሚፈለገው ማሻሻያው የለወጠው ነገር ነው።

ፍለጋው በልኬት ይጀመራል። ከሥራ ሰዓት ውጭ አንድ ላፕቶፕ ብቻ፣ የራሱ ፋየርዎል በርቶ፣ ከፋይበር ሞደሙ ጋር በኬብል በቀጥታ አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ። ወደ 94 ሜጋቢት ካገኙ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ በ100 ሜጋቢት ፖርት ላይ የቀረው ለፓኬቶቹ (መረጃው ተከፋፍሎ ለሚላክባቸው ቁርጥራጮች) አድራሻና መቆጣጠሪያ መረጃ ስለሚውል ከዚያ ብዙም አይጠበቅም። ቀጥሎ ከፋየርዎሉ በስተውስጥ፣ አሁንም በኬብል እንጂ በዋይፋይ ሳይሆን፣ ይህንኑ ልኬት ይድገሙ። ከዚያም አይፐርፍ3 የተባለውን ነፃ መለኪያ በመጠቀም በአንድ የውስጥ ኮምፒውተርና በፋየርዎሉ መካከል ያለውን ፍጥነት ይመልከቱ። ይህ የውስጥ ፍጥነት ደህና ከሆነ ትኩረትዎን ወደ ውጭው ፖርት ያዙሩ፤ የውስጡም ፍጥነት የሚጎተት ከሆነ ግን የውስጡን ኔትወርክ ካርድ፣ ኬብሉንና ስዊቹን ይመርምሩ።

ፒንጉ ደህና ሆኖ ትልልቅ ፋይል መጎተቱን መጥቀስዎ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው የዱፕሌክስ አለመጣጣምን ነው፤ ይኸውም በኬብሉ ሁለት ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል (ፉል ዱፕሌክስ) ወይስ በተራ (ሃፍ ዱፕሌክስ) በሚለው አለመስማማታቸው ነው። አንደኛው ጫፍ በእጅ «100 ፉል ዱፕሌክስ» ተብሎ ተወስኖ ሌላኛው ጫፍ አውቶ ላይ ከሆነ፣ አውቶ ላይ ያለው ወገን ፍጥነቱን መለየት ቢችልም ዱፕሌክሱን የሚነግረው ስለሌለ ሃፍ ዱፕሌክስን ይይዛል። በዚህ ጊዜ አንዱ እየተቀበለ ይልካል፤ ሌላው ግን በተራ መላክና መቀበል እንዳለበት ቆጥሮ ይሠራል፤ ትራፊኩ ሲበዛም ፓኬቶች ይበላሻሉ፣ ይጣላሉ፣ እንደገና ይላካሉ። የፒንግ ፓኬቶች ጥቂትና ትንንሽ በመሆናቸው ይህ ብዙም አይነካቸውም። ማረጋገጫው «ስታተስ» ከሚለው ማውጫ ሥር «ኢንተርፌስስ» በሚለው ገጽ ላይ ይገኛል፤ በየፖርቱ ትይዩ የተያዘው ፍጥነትና ዱፕሌክስ፣ የስሕተት ቁጥርና የኮሊዥን (የፓኬቶች ግጭት) ቁጥር ተጽፈዋል። ትልቅ ፋይል እየላኩ ገጹን ደጋግመው ይክፈቱ። ቁጥሮቹ እየጨመሩ ከሄዱ፣ በተለይም ሃፍ ዱፕሌክስ የሚል ካዩ፣ ሁለቱንም ጫፎች ወደ አውቶ ይመልሱ፤ ኬብሉንም ይለውጡ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የኔትወርክ ካርዱ ነው። ፒኤፍሴንስ የተሠራው ፍሪቢኤስዲ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ስለሆነ፣ ትልቅ ማሻሻያ ሲደረግ የካርዶቹ ድራይቨርም (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አብሮ ሊለወጥ፣ ቀድሞ በሲስተም ፋይል ውስጥ በእጅ የተጻፈ ማስተካከያም ሊጠፋ ይችላል። በተራ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኙት እንደ ሪልቴክ ያሉ ካርዶች በዚህ በኩል ብዙ ጊዜ ያስቸግራሉ። «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ»፣ ቀጥሎ «ኔትወርኪንግ» ውስጥ ገብተው ፓኬት የመቁረጥ፣ የመገጣጠምና የቼክሰም (የስሕተት ማረጋገጫ ቁጥር) ስሌትን ለካርዱ የሚተዉት ሦስት ኦፍሎዲንግ አማራጮች መሰናከላቸውን ያረጋግጡ፤ መቁረጥና መገጣጠሙ ፓኬት ለሚያሳልፍ መሣሪያ አይመከርም። ከለወጡ በኋላ ፋየርዎሉን አጥፍተው ያስነሡት።

እንደ ሱሪካታ ያለ የጥቃት መመርመሪያ የተጫነ ከሆነ፣ ለልኬት ያህል ለጥቂት ደቂቃ አቁመው የፕሮሰሰሩን ጫና ያነጻጽሩ። አጠቃላይ ጫናው ዝቅ ያለ ቢመስልም አንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች አንዱ) ብቻውን 100 በመቶ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ የየኮሩን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። የቆየ የፍጥነት ገደብ መኖሩንም በዚያው ይመልከቱ።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ከመነካካትዎ በፊት የኮንፊገሬሽን ፋይሉን ባክአፕ ያውርዱ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ውጤቱን ይጻፉ። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ተለውጦ ፍጥነቱ ቢመለስ፣ በሚቀጥለው ማሻሻያ ያው ችግር ሲመጣ መድኃኒቱ የትኛው እንደነበር አይታወቅም።

ጥያቄ፦ እኔም የምኖረው ጅማ ነው፤ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለኝ። ፋየርዎሉን ካደስን በኋላ አንዳንድ ድረ ገጾች ወዲያው ሲከፈቱ ሌሎቹ ነጭ ገጽ ሆነው ይቀራሉ። መስመራችን በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚገናኝ ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንዲህ ያለው መስመር፣ ማለትም ፒፒፒኦኢ፣ ከተለመደው 1500 ባይት የፓኬት መጠን ላይ 8 ባይት ስለሚወስድ የሚቀረው 1492 ነው። ከዚህ የሚበልጥ ፓኬት ሲመጣ «አሳንሰህ ላክ» የሚል የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎች ስለ ችግር የሚነጋገሩበት ሥርዓት) መልእክት ወደ ላኪው መመለስ አለበት፤ አዲሱ የፋየርዎል ደንብ አይሲኤምፒን በሙሉ ከዘጋ ግን ላኪው ሳይሰማ ይቀራል፣ ገጹም ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ያንን መልእክት ይፍቀዱ፤ በውጭው ፖርት ላይም ኤምቲዩውን (ትልቁን የፓኬት መጠን) 1492፣ ኤምኤስኤሱን (በአንድ ፓኬት ውስጥ የሚገባውን ትልቁን የመረጃ መጠን) 1452 ያድርጉ። ፒኤፍሴንስ ከተጻፈው ላይ ራሱ 40 ስለሚቀንስ፣ በእሱ ላይ በኤምኤስኤስ ቦታ የሚጻፈው 1492 ነው። ለማረጋገጥ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አዝዘው ፒንግ ያድርጉ፤ 1464 ባይት (የፒንጉ አድራሻና መቆጣጠሪያ መረጃ 28 ባይት ሲጨመር 1492 ይሆናል) አልፎ 1465 ከተከለከለ መጠኑ ትክክል ነው።